ካርታው ላይ ያለ ቤት

ዴዝሞንድ ካርታውን ዘረጋ፣ ጠረጴዛውን ሸፍኖ፣
አንዱን ጫፍ በስኳሩ ዕቃ፣ አንዱን በመነጽሩ ቤት ተጭኖ።
ሠላሳ ዓመት በሌስተር አውቶቡስ የነዳ ሰው
ፌርማታውን ካልጻፈ መንገድ አይጀምርም፤ እንዲያ ነው።
“ሰኞ ነው፣ ማቪስ” አለ፣ “በሌሊት ንቂ፤
ቴርሞሱን ያዢ፤ ግንቦት ነው ብለሽም ሹራብ አትናቂ።”

መጀመሪያ ላቨንሃም፦ በሱፍ ንግድ የከበረች፣
ሱፉ ሲረክስ ጊዜ በነበረችበት የቀረች፤
ቤቶቿ በእርጥብ እንጨት ተሠርተው፣ እንጨቱ ሲደርቅ ጠምመው፣
ከሠርግ እንደሚመለሱ ሰካራሞች ትከሻ ለትከሻ ቆመው።
“እኔስ ምን ለየኝ?” አልኩት፤ “ይሄ ጉልበቴ፣ የብረት መገጣጠሚያ፣
ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ከራዲዮ ይሻላል ለትንበያ።”

አልሰማኝም። ጣቱ ወደ ምሥራቅ ቀጠለ፤
ኦርፎርድ ላይ ቆመና “ማክሰኞ ምሳ እዚህ” አለ።
በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣ፣ በኦክ ጢስ በስሎ፤
ከዚያ የንጉሡ ግንብ፣ ደረጃው እንደ ቀንድ አውጣ ዞሮ ተጠቅልሎ።
“ስንት ደረጃ አለው?” አልኩ። ሻዩን አማሰለ።
“ዴዝሞንድ፣ ስንት?” ማንኪያውን ላሰ። “ትወጪዋለሽ” አለ።

ረቡዕ ሳውዝዎልድ፤ የመርከብ መብራቱ ማማ ከቤቶች መሐል የቆመበት፣
ነጭ፣ ረጅም፣ ጎረቤቱን እንደሚሰልል ሽማግሌ አንገቱን ያሰገገበት፤
አሸዋው ዳር በቀለም ያበዱ ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች፣
እያንዳንዳቸው ስም ያላቸው፤ እንደ ጀልባ፣ እንደ ውሾች።

ልጃችን ፊሊፓ ደወለች፤ “አሁንም በዚያ ካርታ?” አለች፤
“ከእኔ እኮ በሦስት ዓመት ይበልጣል” ብላ ሳቀች።
“መንገዱ ተቀይሯል፣ አባዬ፤ ስልክህን ጠይቀው፤ ይመራሃል።”
“ስልኬ” አለ ዴዝሞንድ፣ “የት እንደምታጠፍ ያውቃል፤
ለምን እንደምሄድ ማን ይነግረዋል?”

ሐሙስ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ዘገየ፤
ከደንዊች በላይ፣ ገደሉ ጫፍ፣ ትንሽ የእርሳስ ክብ ታየ።
እኔ ነበርኩ ያከበብኩት፣ በተጋባን በሳምንቱ፤
የወይዘሮ ካችፖል የእንግዳ ማረፊያ፣ ወደ ባሕር የተከፈተ መስኮቱ።
አልጋው ሲጢጥ ሲል ትንፋሽ ዋጥን፤ ሳቃችን ግን አየለ፤
ጠዋት ወይዘሮዋ እንቁላል ስታቀርብልን፣ ፊቴ እንደ ቲማቲም በሰለ።

ያ አገር ድሮ ወደብ ነበር፣ ባለብዙ ቤተ ክርስቲያን፤
ማዕበሉ አንድ በአንድ ወሰዳቸው፤ ከነመቃብር፣ ከነሙታን።
አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ደወሉ ከውኃ በታች ይሰማል አለን፤
ጆሯችንን አቁመን አደርን፤ ጠጠር ብቻ ሲንኳኳ ሰማን።

ፊሊፓ ስልኩን ሳትዘጋ ፈለገችው። ከብዙ ዝምታ በኋላ
“እማዬ፣ ያ ቤት የለም” አለች፤ “ገደሉን በአንድ ክረምት ባሕሩ በላ።
በእናንተ ካርታ መሬት ነው፤ በእኔ ሰማያዊ፣ ከዳር የራቀ።”
ዴዝሞንድ ምንም አላለም። መነጽሩን ጠረገ፤ አጠለቀ፤ ደግሞ አወለቀ።
የመነጽሩን ቤት ሲያነሳ ጊዜ ካርታው ከምሥራቅ ተጠቀለለ፤
የባሕሩ ዳር በሙሉ በአንድ ጊዜ ከጠረጴዛው ጎደለ።

መልሼ ዘረጋሁት። ላጲስ አቀበለኝ፤ መልሼ ሰጠሁት።
እርሳሱን ቀረጽኩና ያንን ክብ ደግሜ አደመቅኩት።
“ሐሙስ እዚህ ነን” አልኩት፤ “ምሳ ቋጥረን፣ ገደሉ ጫፍ ድረስ በእግር፤
ክፍላችን የነበረበትን ቦታ እናያለን፤ ያለ ኪራይ፣ ሙሉውን አየር።”

እንደ ድሮው የጉዞ ሰሌዳ በትልቁ ጻፈው፦ “ሐሙስ። ባሕር። ረጅም ፌርማታ።”
ዓርብን ባዶ ተወው፤ “ለዝናብ” አለ፤ እስክሪብቶውን ከድኖ ቆየ ለአፍታ።
ከዚያ፣ ቀና ሳይል፣ ቴርሞሱን ፍለጋ ቁምሳጥን ሲበረብር፣
“ዘጠና አንድ” አለኝ።
“ምኑ?”
“የደረጃው ቁጥር።”